ከቃል ወደ ወረቀት፦ የሥራ ውል በጁባ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 በናይሮቢ የተፈረመው አጠቃላይ የሰላም ስምምነት የሱዳንን የሁለት ዐሥርት ዓመታት ጦርነት ሲቋጭ፣ በነጭ ዓባይ ዳር በባሪዎች ምድር ላይ የተቆረቆረችው ጁባ ለሥራ ፈላጊው ሁሉ በሯን ከፈተች። ከኢትዮጵያ የሄደው ሆቴል ከፈተ፣ የውሃ ቦቴ ነዳ፣ በምግብ ቤት አስተናገደ፣ በገበያ ነገደ። ብዙው የተቀጠረው በዘመድና በአገር ልጅ በኩል ነበር። ደመወዙ በቃል ይነገራል፤ ምግብና ማደሪያ ይታከልበታል፤ ወረቀት ግን አይነሣም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ብሂል የማያውቅ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የአገር ልጅን «ፈርምልኝ» ማለት አለማመን ይመስላል።

በወቅቱ በጁባ ሲጠቀስ የኖረው የሥራ ሕግ ካርቱም እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣችው ነበር። ይህ ሕግ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ ቅጥር በጽሑፍ እንዲሆን፣ አሠሪውም በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ አንዱን ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዝዛል። የቤት ሠራተኞችን ግን ከወሰኑ ውጭ ትቷቸዋል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2011 ነጻ ስትወጣ የሽግግር ሕገ መንግሥቷ እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አደረገ፤ ነባሮቹ ሕጎች ግን እስኪተኩ ጸንተው ቆዩ። ስለዚህ በዐረብኛ የታሰበ ሕግ በእንግሊዝኛ በሚሠራ ቢሮ ውስጥ፣ በአማርኛ የተስማሙ ሁለት ሰዎችን ይዳኝ ነበር። (ዐረብኛው ውልን «ዐቅድ» ይለዋል፤ ቋጠሮ ማለት ነው። አማርኛው «ውል» ደግሞ የልቃቂት ጫፍም ነው፤ ውሉ የጠፋበት ክር እንዴት እንደሚያስቸግር የፈተለ ያውቃል።)

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ ይዟል። የሥራ ውል በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰፊ ቦታ ነበረው፤ በኋላም አዋጅ ቁጥር 64/1968፣ አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ተከታተሉ። የመጨረሻው እንደሚለው የሥራ ውል በተለየ ፎርም ካልተደረገ አይጸናም አይባልም። ነገር ግን በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ስምምነቱን የሚገልጽ፣ የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ሠራተኛውም በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወመው እንደ ውል ይቆጠራል። አሠሪው ይህን ባያደርግስ? ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ከአዋጁ ብልህ አንቀጾች አንዱ ይህ ነው፤ የወረቀቱን ዕዳ ወረቀት ሊጽፍ በሚችለው ላይ ጥሎታልና። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። ሆኖም የአዲስ አበባው አዋጅ ጁባ ላይ አይዳኝም።

የወረቀት ዋጋ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 ነው። የጁባ የሠራተኛ ሚኒስቴር ባወጣው ማስታወቂያ ባንኮች፣ የቴሌኮምና የነዳጅ ኩባንያዎች፣ ሆቴሎችና የእርዳታ ድርጅቶች የውጭ ዜጎችን ከኦክቶበር 15 ጀምሮ ከሥራ እንዲያሰናብቱና ቦታውን ለአገሬው ሰው እንዲሰጡ አዘዘ። ከተማዋ ተናወጠች። ብዙም ሳይቆይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ባርናባ ማሪያል ቤንጃሚን መንግሥታቸው የውጭ ሠራተኞችን እንደማያባርር አስታወቁ። ድንጋጤው ግን አንድ ጥያቄ ትቶ አለፈ፦ ነገ ሥራው ቢቀር፣ በቃል የተቀጠረው አስተናጋጅ መቼ እንደጀመረና ስንት እንደሚከፈለው በምን ያስረዳል? አሠሪው ደግ ከሆነ ይከፍላል፤ ካልሆነም ዳኛ ፊት የሚቀርብ ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ጁባ ዳግመኛ በተኩስ ስትታመስ ብዙ የውጭ ዜጎች ከተማዋን ለቀው ወጡ። የአገሪቱ የራሷ የሥራ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 40 አድርጎ ወሰነ፤ የውጭ ዜጋም ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳይቀጠር ደነገገ። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት በቃል ተቀጥሮ፣ የጥቂት ወራት ደመወዝ ሳይከፈለው ወደ አገሩ የተመለሰው ሰው ግን ለካርቱሙም ሆነ ለጁባው ሕግ የሚያሳየው አንዲት ገጽ አልነበረችውም።