ዝገቱ ሳይፋቅ ታሪኩ ይነበብ

በአገራችን የጦር መሣሪያ ከብረትነቱ ያለፈ ትርጉም አለው። በፉከራና በቀረርቶ ተወድሷል፤ በሠርግ ተተኩሷል፤ በለቅሶ ተዘቅዝቋል። ስም ያወጣለትም ሕዝቡ ራሱ ነው። የእንግሊዙን ስናይደር «ሰናድር»፣ የፈረንሳዩን ፉዚ ግራ «ውጅግራ»፣ የኦስትሪያውን ማንሊኸር «ምንሽር» ብሎ በራሱ አንደበት አስማምቶታል። ጠመንጃው እንዲህ በየስሙ ሲጠራ ሽጉጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽጉጥ እንደተባለ ቀርቷል። በጉያ የሚሸጎጥ ነውና ስሙም አብሮ የተሸጎጠ ይመስላል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡት የአያት የቅድመ አያት ሽጉጦች ማንነትም እንዲሁ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረውን ከመቀበል በቀር ብረቱን ራሱን የጠየቀው ሰው ጥቂት ነው።

ብረት ሲጠየቅ ምን ያህል እንደሚናገር ለማወቅ የዐፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥ ማስታወስ ይበቃል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውዴን እ.ኤ.አ. በ1860 ከተገደለ በኋላ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ለንጉሠ ነገሥቱ የሽጉጥ ስጦታ ላከች። ስጦታውን ያመጣው በፕላውዴን እግር የተተካው ቆንስል ካሜሮን ነው። በእጀታው ላይ በተለጠፈው የብር ሰሌዳ፣ ንግሥቲቱ ቴዎድሮስ ለአገልጋይዋ ለፕላውዴን ስላደረጉለት ደግነት ምስጋናዋን እንደምትገልጽ ከዓመቱ ጋር ተቀርጾ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥቲቱ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ አውሮፓውያኑ ታሰሩ፤ የጄኔራል ናፒየር ጦር መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትደፈር ንጉሠ ነገሥቱ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሽጉጡ ያው የንግሥቲቱ ስጦታ እንደነበረ ከጦሩ ጋር የዘመተው ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ ጽፏል፤ የብሩን ሰሌዳ ቃልም በመጽሐፉ አስፍሮታል። ያች ትንሽ ሰሌዳ ተነቅላ ብትሸጥ ወይም ጽሕፈቷ ታሽቶ ቢጠፋ ኖሮ፣ የወዳጅነት ስጦታ የሞት መሣሪያ የሆነበትን ያን መራራ ታሪክ ከዕቃው ላይ ሊያነብ የሚችል አይኖርም ነበር።

መቼም ሽጉጥ ሁሉ የብር ሰሌዳ የለውም። ይሁን እንጂ ሰሌዳ የሌለውም ቢሆን ዲዳ አይደለም። ይህን በቅርብ ያየሁት ጡረታ በወጡ አንድ መምህር ቤት ነው። መምህሩ የመያዣ ፈቃዱን ካሳዩኝ በኋላ ከቆዳ አፎቱ ያወጡት ባለተሽከርካሪ ሽጉጥ ዝገት የበላው፣ የእንጨት እጀታው ከመዳፍ ብዛት የለሰለሰ ነበር።

«አያቴ አድዋ ላይ ከአንድ የጣሊያን መኮንን የማረኩት ነው» አሉኝ። «እዚህ ሰፈር ያለ ብረት ሠሪ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ኒኬል ነክሬ አዲስ አስመስልልዎታለሁ ብሎኛል። ምን ትላለህ ልጄ?»

«ጋሼ፣ ከመፋቁ በፊት እናንብበው» አልኳቸው።

ንባቡ የሚጀመረው ከቅርጽ ነው። ጥይቱ የሚገባው በየት በኩል ነው? ሽጉጡ እንደ እንግሊዙ ዌብሊ ከወገቡ ይሰበራል ወይስ ጎኑ ላይ በር አለው? የጥይት ቋቱ ስንት ቀዳዳ አለው? በቋቱ የኋላ ጠርዝ ላይ በየቀዳዳው ትንሽ ስንጥቅ ካለ፣ ጥይቱ በጎኑ መርፌ የነበረው የለፎሾ ሥራ ነው ማለት ነው፤ ኢዩዤን ለፎሾ ይህን ሽጉጥ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። ሰባት ቀዳዳ ከሆነ የሩሲያው የ1895 ናጋንት ይታሰባል። በአድዋ ዘመን የኢጣሊያ ጦር ሽጉጥ የነበረው የ1889 ቦዴዮ ደግሞ ባለስድስት ነው፤ የጥይቱ ስፋት 10.35 ሚሊ ሜትር ነው። ለተራ ወታደር የተሠራው አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን፣ ቃታው የሚታጠፍና መከለያ የሌለው ሲሆን፣ የመኮንኑ ግን ክብ አፈሙዝና የቃታ መከለያ አለው።

የመምህሩ ሽጉጥ ባለስድስት ነው፤ አፈሙዙም ክብ ነው። እስከዚህ ድረስ ከአያትየው ታሪክ ጋር አልተጣላም። ቀጥሎ የሚነበበው ማኅተሙ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ጥቂት ቀጭን ዘይት አድርገን ቋቱን ቀስ ብለን ስንጠርገው፣ በማጉያ መነጽር ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሞላላ ምልክት ታየች። በውስጧ ኢ፣ ኤል እና ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ከሥራቸውም ኮከብ አለ። ይህ የቤልጅጉ የሊዬዥ ከተማ የጦር መሣሪያ መፈተኛ ቤት ማኅተም ነው። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1810 ባወጣው ድንጋጌ መሠረት መሣሪያ ሁሉ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ተተኩሶ መፈተን ነበረበት፤ ያለፈው ይታተምበታል። ከ1893 ጀምሮ በሞላላዋ ላይ ዘውድ ተጨመረ፤ ከ1922 ጀምሮ ደግሞ የየዓመቱ ፊደል መታተም ጀመረ። እኛ ባየናት ምልክት ላይ ዘውድ የለም።

እንግዲህ ሽጉጡ የኢጣሊያ ጦር ቦዴዮ አይደለም። የሊዬዥ ሥራ ነው፤ የተፈተነውም ከ1893 በፊት ነው። መምህሩ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። የአያት ስም ሲነካ ማን ይወዳል? ይሁን እንጂ ማኅተሙ የነገረን ሽጉጡ የት እንደተሠራና ከመቼ በፊት እንደተፈተነ ነው እንጂ አያትየው አድዋ አልዋሉም አላለም። ኢጣሊያዊ መኮንንም በገንዘቡ የቤልጅግ ሽጉጥ ሊገዛ ይችላል። ሌላም መንገድ አለ፤ ሽጉጡ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከነበረ፣ ከጠላት የተማረከ ሳይሆን ጠላትን ሊገጥም ከሸዋ የሄደ ሊሆንም ይችላል። ይኼኛው ከመጀመሪያው ታሪክ የሚያንስ አይመስለኝም።

በዚያ ዘመን የሊዬዥ ብረት ወደ አገራችን ይጎርፍ ነበርና። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም ትቶ ነጋዴ በሆነበት ጊዜ፣ ከታጁራ ወደ ሸዋ የጠመንጃ ሲራራ ይዞ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ገብቷል። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የንግዱን ምስጢር ሳይደብቅ ነግሯቸዋል፤ መሣሪያው በአውሮፓ የተጣለ አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ውስጥ በሰባትና በስምንት ፍራንክ ይገኛል፤ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጠው ግን በአርባ ፍራንክ ገደማ ነው። ያች ሞላላ ምልክት እንግዲህ የአንድ ፋብሪካ አሻራ ብቻ አይደለችም። አባቶቻችን ነፃነታቸውን ለመጠበቅ ስንት እጥፍ እንደከፈሉ፣ ማን እንዳተረፈባቸው፣ ዕቃው በስንት በረሃ እንዳለፈ የምታሳስብ ምስክር ናት። የብረት ሠሪው ብርጭቆ ወረቀት ቢያርፍባት ኖሮ በአምስት ደቂቃ በጠፋች ነበር።

ታዲያ አሮጌ ሽጉጥ አይታደስ ማለቴ ነውን? አይደለም። መታደስና አዲስ መምሰል ግን ለየቅል ናቸው። አስቀድሞ ጥይት አለመኖሩ በሚያውቅ ሰው እጅ መረጋገጥ አለበት። የተፋቀ ብረት አይመለስምና ሥራው ሳይነካ ከየጎኑ ፎቶግራፍ ይነሣ። ከዚያ ዝገቱ ይለያል። ሲነካ እንደ ዱቄት የሚረግፈው ቀይ ዝገት ብረቱን እየበላ ያለ ጠላት ስለሆነ በዘይት ተለስልሶ ቀስ በቀስ መነሣት አለበት። ጠቆር ያለው፣ ከብረቱ ጋር የተዋሐደው ቡናማ መልክ ግን የዕድሜው ቆዳ ነውና ይተው። የተጣበቀ ብሎን በጉልበት አይፈታም፤ ለቀናት ዘይት እየጠጣ ይቆይና ልክ በሆነ መፍቻ ይሞከራል። የእጀታው እንጨት ቫርኒሽ አይቀባም፤ ያ ልስላሴ የባለቤቱ መዳፍ የጻፈው ነው። በመጨረሻ ስስ ሰም ይቀባና በባዶ እጅ አለመነካካት ይሻላል፤ የእጅ ላብ ጨው አለው።

አፈሙዙ ውስጥ የሚታየው ጉድጓድም የራሱ ምክንያት አለው። የጥንቱ ጥቁር ባሩድ ከተተኮሰ በኋላ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ ያልታጠበ መሣሪያ ከውስጥ ይበላል። የቆዳ አፎትም ያው ነው። ቆዳው የተለፋበት አሲድና የሚይዘው እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል። መምህሩ ሽጉጡን በክብር ይጠብቅልኛል ብለው ያኖሩበት አፎት ለዓመታት ሲያዝገው ኖሯል። አፎቱም ቅርስ ነውና አይጣልም፤ ለብቻው ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን የታደሰ ሽጉጥ ለመሞከር መተኮስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መቶ ዓመት ያለፈው ብረት ውስጡ መሰንጠቁ ከላይ ላይታይ ይችላል።

ሕጉንም መዘንጋት አይገባም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ያደርገዋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ማግኘትን ይጠይቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው ወደ ሰፈር ብረት ሠሪ ከመሄዱ በፊት ወደ ሚመለከተው ክፍል ጎራ ቢል ይበጀዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀትና እርሳስ ያስፈልጋል። ማኅተሙ እንደታየው ይሣል፤ የጥይት ቋቱ ቀዳዳ ይቆጠር፤ የአፈሙዙ ስፋት ይለካ። ከሥሩ ደግሞ ቤተሰቡ የሚያወራው ታሪክ፣ ማን ለማን እንደነገረው ጭምር ይጻፍ። ብረቱና አፈ ታሪኩ ቢጣሉ እንኳ ሁለቱም ይመዝገቡ፤ ነገ የሚመጣው ልጅ የተሻለ መነጽር ይዞ ሊፈርድ ይችላል። ወረቀቱ ከሽጉጡ ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጥ።