ስመ ክርስትናና እምነተ ሥላሴ በአራተኛው መቶ ዓመት

በምሥጢረ ሥላሴ ሳያምኑ ክርስቲያን መባል ይቻላልን? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በከተማ ጨዋታ መካከል አንዱ ተነሥቶ፤ ክርስቶስን መውደድና ትእዛዙን መፈጸም ይበቃል፤ የአንድነትና የሦስትነት ነገር ኋላ ጉባኤ የጨመረው የሊቃውንት ክርክር ነው ይላል። ሌላውም ተቆጥቶ፤ እንዲህ የሚል ሰው ከአረማዊ አይለይም ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም ግን ሳይመረምሩት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጥያቄው ዙፋን ያናወጠ፤ ጳጳሳትን ያሰደደ በነበረበት ዘመን አባቶች በእውነት ምን እንዳደረጉ ነው። ያም ዘመን አራተኛው መቶ ዓመት ነው። በዚያ ዘመን እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች፤ በሰሜን ከዳኑብ ወንዝ ማዶ የጎት ሕዝብ፤ በደቡብ የአክሱም ሕዝብ፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከየመምህራኖቻቸው ወንጌልን ሰሙ። ስለ ወልድ የተማሩት ግን አንድ አልነበረም። የሁለቱን ታሪክ አስተያይቶ መመልከት ለጥያቄው መልስ መንገድ ይከፍታል። ከዚህ በታች የሚነገረው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ እውነት የሆነውን መቀበል ይገባል። ሥላሴ የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፎ አይገኝም። በግሪክ ቋንቋ ይህን ቃል ከጻፉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ180 ገደማ የነበረው የአንጾኪያው ጳጳስ ቴዎፍሎስ ነው። ነገር ግን ሕፃን በአርባ ቀኑ ስመ ክርስትና ቢወጣለት፤ ከዚያ በፊት አልተወለደም አይባልም። ከቃሉ አስቀድሞ ነገሩ በጥምቀትና በጸሎት ነበረ፤ ማቴዎስ በወንጌሉ መጨረሻ እንደ ጻፈው ምእመናን የሚጠመቁት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ነው። በ112 ገደማ ጵልንዮስ የተባለው የሮም ገዥ፤ ራሱ አረማዊ ሲሆን፤ ክርስቲያኖች ማልደው ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ብሎ ለንጉሡ ለትራያኖስ ጽፎአል። ይህ ደብዳቤ ከኒቅያ ጉባኤ 200 ዓመት ያህል ይቀድማል። እንግዲህ ለክርስቶስ መስገድ ጉባኤ የፈጠረው አይደለም፤ ጉባኤው የተሰበሰበው ይህ ስግደት ለማን እንደሚቀርብ ለመመስከር ነው።

ክርክሩ የተነሣው በእስክንድርያ ነው። በ318 ገደማ አርዮስ የተባለ ቄስ፤ ወልድ ከሌላው ፍጥረት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ሆኖም መጀመሪያ ያለውና በአብ ፈቃድ የተፈጠረ ነው እያለ ያስተምር ጀመር። በዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አርዮስ ክርስቶስን አልካደም፤ መጻሕፍትን ይጠቅስ ነበር፤ ጾመኛና ቃሉ ጣፋጭ ሰው ነበር። የእርሱ ወገኖችም ሲያጠምቁ ሦስቱን ስም ይጠሩ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ ሦስት ስም በሚጠራና በማይጠራ መካከል አልነበረም። ክርክሩ፤ ክርስቲያን የሚሰግድለት ወልድ ፈጣሪ ነውን ወይስ ፍጡር? የሚል ነበር። በ325 ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ ጉባኤ ሲያስደርግ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሠለስቱ ምእት ብላ የምታከብራቸው አባቶች፤ ወልድ በባሕርዩ ከአብ ጋር የተካከለ ነው ብለው ወሰኑ። የእስክንድርያው ጳጳስ እለእስክንድሮስ ወደዚያ ሲሄድ ዲያቆኑ አትናቴዎስ አብሮት ነበር።

ነገሩ ግን በዚያ አልተፈጸመም። ቆስጠንጢኖስ ራሱ በ337 ሊሞት ሲል ያጠመቀው፤ አስቀድሞ ለአርዮስ ይከራከር የነበረው አውሳብዮስ ዘኒቆምድያ ነው። ይኸው አውሳብዮስ ዑልፊላስ የተባለውን ሰው ለጎት ሕዝብ ጳጳስ አድርጎ ሾመው። ዑልፊላስ ቀደምት አባቶቹ በምርኮ ወደ ጎት አገር ከተወሰዱ ከቀጰዶቅያ ሰዎች ወገን ነበረ። ለጎት ቋንቋ ፊደል አዘጋጀለት፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ተረጐመለት። ታሪክ ጸሐፊው ፊሎስቶርግዮስ እንደሚናገረው፤ ጦረኛ ለሆነው ሕዝብ የጦርን ወሬ እንዳይጨምርበት ፈርቶ መጽሐፈ ነገሥትን ሳይተረጕም ተወው። የጎት ገዢ በክርስቲያኖች ላይ ስደት ባስነሣ ጊዜም ሕዝቡን ይዞ ዳኑብን ተሻግሮ በሮም ግዛት ተጠጋ። ደቀ መዝሙሩ አውክሴንትዮስ ባቈየው ቃል እንደሚታየው ግን፤ ዑልፊላስ አብን ብቻ ያልተወለደ እውነተኛ አምላክ፤ ወልድን ከእርሱ በታች፤ መንፈስ ቅዱስን ደግሞ አምላክ ያልሆነ የወልድ አገልጋይ አድርጎ ያምን ነበር።

ጥያቄው የሚከብደው በዚህ ነው። ይህን ትምህርት ከተማሩት ከጎት ሰዎች መካከል ስለ ክርስቶስ ስም መከራ የተቀበሉና የሞቱ ነበሩ። በ410 ንጉሣቸው አላሪክ ሮምን በያዘ ጊዜ ወታደሮቹ ከተማውን ሲዘርፉ፤ በጴጥሮስና በጳውሎስ አብያተ ክርስቲያናት የተጠጋውን ሕዝብ እንዳይነኩ ታዘዙ። አውግስጢኖስ ራሱ ይህን ምሕረት የክርስቶስ ስም ያደረገው ነው ብሎ ጽፎአል። እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ከአረማዊ አይለዩም የሚል ሰው ለዚህ ታሪክ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል።

በደቡብ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቶ እንደ ጻፈው፤ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ የጢሮስ ልጆች በባሕር ጕዞ ላይ ተይዘው በንጉሥ ቤት አደጉ። ኤዴስዮስ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለዚያ አገር ጳጳስ ይሾምለት ዘንድ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ከ328 ጀምሮ በመንበሩ ተቀምጦ ነበርና፤ የለመነውን ራሱን ሾሞ ሰደደው። ኢትዮጵያ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምትለው ይህ ነው።

የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስታንቲዮስ የአርዮስን ወገኖች ይደግፍ ስለ ነበር፤ በ356 አትናቴዎስን በወታደር ከመንበሩ አስነሣው፤ አትናቴዎስም ወደ በረሓ ሸሸ። በቦታው የቀጰዶቅያው ጊዮርጊስ ተተካ፤ ይህም ሰማዕቱ ጊዮርጊስ አይደለም። ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። ወንድሞች ብሎ ጠርቶአቸው፤ በሮም ግዛትና በአክሱም ግዛት አንድ ትምህርት እንዲሰበክ እንደሚፈልግ፤ አትናቴዎስ ወንጀለኛ እንደ ሆነ፤ የሾመውም ፍሬምናጦስ ፈጥኖ ወደ ጊዮርጊስ መጥቶ ሃይማኖቱን ይመርመር ዘንድ እንዲልኩት ጻፈላቸው። ደብዳቤው የተገኘው አትናቴዎስ ራሱ ለንጉሡ በጻፈው የመከላከያ ቃል ውስጥ ገልብጦ ስላቈየው ነው።

ይህ ደብዳቤ የያዘው ነገር ቀላል አልነበረም። የሮም ንጉሠ ነገሥት የዓለም ኃያል ነበረ፤ አክሱምም በቀይ ባሕር ንግድ ከግዛቱ ጋር የተገናኘች ነበረች። ክርስትናውም ገና ለጋ ነበር። ጥያቄው የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ፤ አንድ ጳጳስ ለምርመራ መላክ ምን ያህል ያስቸግር ነበር? ነገር ግን ፍሬምናጦስ ተላልፎ እንደ ተሰጠ የሚናገር አንድም ጽሑፍ የለም። ቆንስታንቲዮስም ጊዮርጊስም በ361 ሞቱ፤ ጊዮርጊስን የገደለው የእስክንድርያ ሕዝብ ነው። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን ከአትናቴዎስ መንበር ጋር ጸንታ፤ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ጳጳሳትዋን ከዚያው ስታስመጣ ኖረች።

የኢዛናም ድንጋዮች ስለዚሁ ነገር ይመሰክራሉ። ንጉሡ በመጀመሪያ ገንዘቡ ላይ ጨረቃና ክበብ ያሳትም ነበር፤ ኋላ ግን መስቀል አደረገበት፤ በዚህም መስቀልን በገንዘብ ላይ ካሳተሙት ከዓለም ነገሥታት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግዕዝ ያስጻፈው ድንጋይ የሚያመሰግነው የሰማይን ጌታ ነው፤ የክርስቶስን ስም አይጠራም። ስለዚህም ብዙ ዘመን ሊቃውንት፤ ንጉሡ ያመነው ምን ያህል ነው? እያሉ ይከራከሩ ነበር። ኋላ ግን በአክሱም በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ ሌላ የኢዛና ድንጋይ ተገኝቶ በ1970 ታተመ። ይህኛው ገና ከመጀመሪያው የአብን፤ የወልድንና የመንፈስ ቅዱስን ስም ጠርቶ፤ ንጉሡ በክርስቶስ ማመኑን ይናገራል። በግዕዙ ዝም ብሎ በግሪኩ የገለጠበትን ምክንያት ሊቃውንት በልዩ ልዩ መንገድ ይተረጕሙታል፤ ብዙዎች ግን አዲሱን እምነት ገና ላልተማረው ሕዝብ በሚያውቀው ቃል፤ ለውጭ ሰው ደግሞ በተገለጠ ቃል ተናገረ ይላሉ። ከዚህ አንድ ትምህርት ይገኛል፤ የሰማይ ጌታ ብሎ ዝም ያለውን ሁሉ ሥላሴን ካደ ብሎ መፍረድ እንደማይገባ የአክሱም ድንጋይ ያስተምራል።

አሁን አባቶች በተግባር ያደረጉትን ማየት ይገባል። አንድ ሰው ከሌላ ትምህርት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንዴት እንደ ተቀበሉት ቢመረመር፤ ስለ ክርስትናው ያላቸው አሳብ ይገለጣል። የኒቅያ ጉባኤ 19ኛው ቀኖና፤ ክርስቶስን ዕሩቅ ብእሲ ያለው የጳውሎስ ሳምሳጢ ወገን የሆነ ሰው እንደገና ይጠመቅ ይላል። አትናቴዎስም በአርዮሳውያን ላይ በጻፈው መጽሐፍ፤ ስሙን በአፍ መጥራት ብቻ አይጠቅምም፤ ከስሙ ጋር የቀና እምነት ያስፈልጋል እያለ ጥምቀታቸውን ይነቅፋል። በ381ዱ በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ስም የሚጠራው፤ ሊቃውንት ግን በአምስተኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው የሚሉት 7ኛው ቀኖና፤ ለተመላሾች ሁለት መንገድ አደረገ። አርዮሳውያንና የመቅዶንዮስ ወገኖች ስሕተታቸውን በጽሑፍ ክደው፤ ቅብዐ ሜሮን ተቀብተው ይገባሉ፤ እንደገና አይጠመቁም። በአንዲት ጥምቀት ብቻ የሚያጠልቁት አውናምዮሳውያንና ሦስቱን አካላት አንድ አካል የሚያደርጉት ሰባልዮሳውያን ግን እንደ አረማዊ ከመጀመሪያው ተምረው ይጠመቃሉ።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ጥበብም ርኅራኄም አለ። ቤተ ክርስቲያን ለአርዮሳዊው፤ እምነትህ ሙሉ ነው አላለችውም፤ ክደህ ግባ አለችው። ነገር ግን አረማዊም አላለችውም፤ ጥምቀቱን አላፈረሰችበትም። በእርሱ ላይ የቀረው ጐደሎ እንዲሞላ በሩን ከፈተችለት። የጎት ሕዝብ ታሪክም ፍጻሜው ይህ ሆነ። በእስጳንያ የነበሩት ጎቶች ከንጉሣቸው ከሬካሬድ ጋር በ589 በቶሌዶ ጉባኤ የኒቅያን ሃይማኖት ተቀበሉ። በአፍሪቃ የነበሩት ቫንዳሎች ግን በ484 በንጉሣቸው በሁኔሪክ ትእዛዝ የኒቅያን ጳጳሳት አሳደዱ፤ መንግሥታቸውም በ534 ፈረሰ። የኒቅያ ወገን ነገሥታትም ቢሆኑ ጕልበት ሳይጠቀሙ አልቀሩም፤ ከ380 ጀምሮ ቴዎዶስዮስ እምነተ ሥላሴን በአዋጅ የመንግሥት ሕግ ማድረጉ የታወቀ ነው። ከሁለቱም ወገን የአዋጁ ሥራ ከመምህሩ ሥራ ጋር ሊመዘን አይችልም። አክሱምን ያጸናት አዋጅ አልነበረም፤ የሮም አዋጅ በዚያ ጊዜ በአትናቴዎስ ላይ ነበርና።

ይህ ሁሉ ከሆነ፤ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ የተሰደደው ስለ ምን ነው? ምክንያቱ አጭር ነው። ወልድ ፍጡር ከሆነ፤ ፍጡር ፍጡርን ከእግዚአብሔር ጋር ሊያዋሕድ አይችልም፤ እርሱ ራሱም አስታራቂ ያስፈልገዋል። ለፍጡር መስገድም ቤተ ክርስቲያን ከአረማውያን የተለየችበትን ነገር መልሶ ማፍረስ ነው። ስለዚህ እምነተ ሥላሴ በክርስትና ላይ የተደረበ ጌጥ አይደለም፤ የመዳን ነገር የቆመበት መሠረት ነው። ይኸው ጽኑ ሰው ግን በ362 ከስደት ተመልሶ በእስክንድርያ ጉባኤ ሲያደርግ፤ አንዱ ወገን ሦስት አካል፤ ሌላው ወገን አንድ ህላዌ እያሉ የሚጣሉትን ጠርቶ፤ ምን ማለታችሁ ነው? ብሎ ጠየቃቸው። ሁለቱም የኒቅያን እምነት በልዩ ቃል እንደሚናገሩ ባወቀ ጊዜ፤ ስለ ቃሉ እንዳይለያዩ አስታረቃቸው።

እንግዲህ የጥያቄው መልስ ከአባቶች ሥራ ይነበባል። እምነተ ሥላሴ ለክርስትና የግድ ነው፤ ይህን የሚተው ሰው የሚሰግድለትን አያውቅምና። ነገር ግን ሦስት ሰዎች አይምታቱ። አንዱ፤ ስለ አካልና ስለ ባሕርይ ቢጠየቅ መልስ የማይሰጥ፤ ነገር ግን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አማትቦ የሚተኛና የሚነሣ የገጠር ምእመን ነው፤ ይህ ያላወቀ እንጂ የካደ አይደለም፤ እምነቱ ከምላሱ ይበልጣል። ሁለተኛው፤ እንደ ጎት ሕዝብ ከመምህሩ ጐደሎ ተምሮ በቅንነት የሚኖር ነው፤ ይህ መምህር ያስፈልገዋል እንጂ ስድብ አይገባውም። ሦስተኛው፤ አውቆ የሚክድ ነው፤ ለእርሱም ቢሆን ቀኖናው ፍርድ ብቻ ሳይሆን የመመለሻ መንገድ ጽፎለታል። ካህን በሦስቱ ላይ አንድ ዓይነት ቃል ቢናገር፤ የመጀመሪያውን ያስደነግጣል፤ ሁለተኛውን ያባርራል፤ ሦስተኛውንም አይመልስም። አባ ሰላማ በአክሱም የተገኘው ሕዝቡ ይህን እምነት ገና ባልተማረበት ጊዜ ነው፤ ካለበት ጀምሮ እስከ ሥላሴ ስም ያደረሰውም በትምህርት ነው።