ጥድና ዝግባ፦ ነባሮቹና እንግዶቹ

ኢትዮጵያ በዛፍ ዓይነት የበለጸገች አገር ብትሆንም፣ ከጥድ ወገን፣ ማለትም አበባ ሳያብቡ ዘራቸውን በኮን ወይም ኮንን በሚተካ ፍሬ ከሚይዙት ዛፎች መካከል፣ በተፈጥሮ የበቀሉባት ዛፎች የሐበሻ ጥድና ዝግባ ብቻ ናቸው። የሐበሻ ጥድ ከዐረብ ልሳነ ምድር ተራሮች ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች በኩል እስከ ዚምባብዌ የሚገኝ ሲሆን፣ ከቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ የምድር ወገብን በተፈጥሮ የተሻገረው እሱ ብቻ ነው።

የሁለቱም መከራ የመጣው ከእንጨታቸው ጥራት ነው። የጥድ ቀይና መዓዛማ እንጨት ምስጥና ብስባሴ ስለማይደፍሩት ለምሰሶ፣ ለአጥርና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲፈለግ ኖሯል፤ የዝግባ ቀጥ ያለና ፈዛዛ ቢጫ ግንድ ደግሞ ለሣንቃ፣ ለበርና ለመስኮት፣ ለቤት ዕቃም ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል። ያም ሆኖ ጥንታዊ ዛፎች ዛሬ ድረስ የቆሙባቸው ሥፍራዎች አሉ፤ እነዚህም በአብዛኛው ሰው መጥረቢያ ማንሣት የሚፈራባቸው የቤተ ክርስቲያንና የገዳም ቅጥሮች፣ ወይም በቤተ መንግሥት ትእዛዝ የተከለሉ ደኖች ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በቃል ሲወርድ በመጣው ታሪክ መሠረት፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጥድ ዘር የለማ ነው፤ ይህ ትውፊት እውነት ከሆነ፣ ደን ማልማት በአገሪቱ የባዕድ ባለሙያዎች ያመጡት ሐሳብ አልነበረም ማለት ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ግን በዙሪያዋ የነበረው ጥድ ለማገዶና ለቤት ሥራ በፍጥነት አለቀ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ የደረሱትም በእንጨት እጥረት ነበር። ከተማይቱን ባለችበት ያቆየው ባሕር ዛፍ ነው፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የፈለቀው የፈረንጅ ጥድ፣ እንዲሁም ፓቱላ የሚባለው የሜክሲኮ ፓይን፣ በተለይ በሙኔሳ ሻሸመኔና በመሰል የመንግሥት ደኖች በስፋት ተተከሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የፈረንጅ ጥድ ዘር በችግኝ ጣቢያ በቀላሉ ይበቅላል፣ ዛፉም በ20 እና በ25 ዓመት መካከል ለመሰንጠቂያ ይደርሳል፤ የሐበሻ ጥድ ዘር ግን ብዙው ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ ዛፉም ለመጎልመስ የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

ሁለቱ ጥዶች ከሩቅ ቢመሳሰሉም ፍሬያቸው ይለያቸዋል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ክብ፣ እንጨት የመሰለና ሲደርቅ በቅርፊቶቹ መካከል ተሰንጥቆ ዘሩን የሚያራግፍ ኮን ነው፤ የሐበሻ ጥድ ግን በሴቴው ዛፍ ላይ ብቻ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚለወጥ ሥጋማ ፍሬ ያፈራል፣ ወፎችም ይህን በልተው ዘሩን ወደ ሌላ ሥፍራ ያደርሳሉ። ስለዚህ ወፍ የሚያርፍበት ዛፍ ባልቀረበት ገላጣ ኮረብታ ላይ ደኑ ራሱን መተካት ይሳነዋል።

እንግዳውን ዛፍ በጅምላ መኮነን ተገቢ አይደለም፤ በሙኔሳ ሻሸመኔ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ነባር ደን በአቅራቢያ እስካለ ድረስ ሀገር በቀል ችግኞች በተተከሉ ባዕድ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላሉ። ችግሩ የሚብሰው አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ተራራውን ሲሸፍን ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በማላዊ ታይቶ በምሥራቅ አፍሪካ የተዛመተው የጥድ ክሽክሽ የተባለው ተባይ የፈረንጁን ጥድ በብዛት ሲያደርቅ፣ የሐበሻውንም አልማረም። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ጥድና ዝግባን ከኮሶና ከዋንዛ ጋር በመንግሥትና በክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላ ግን አዲስ ችግኝ አያበቅልም። የፈረንጅ ጥድ ለጣውላና ለአጥር ይተከል፤ የትምህርት ቤት፣ የመቃብርና የደብር ግቢ ግን ለመቆረጥ የማይቸኮልበት ሥፍራ ነውና ለሐበሻ ጥድና ለዝግባ ይተውላቸው።