መደርደሪያ ላይ 67 ዓመት የቆየው እንግዳ

አዲስ የእንስሳ ዝርያ የሚገኘው የት ነው ቢባል ብዙዎቻችን «ጫካ ውስጥ፣ ባሕር ውስጥ» እንላለን። የዛሬው ታሪካችን የሚያሳየን ግን አንዳንዴ የሚገኘው ሙዚየም መጋዘን ውስጥ እንደሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 አልባትሮስ የተባለች የአሜሪካ የምርምር መርከብ በፊሊፒንስ፣ ከማኒላ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ብዙም ሳትርቅ፣ መረቧን ወደ 190 ሜትር ገደማ ጥልቀት ጣለች። ከወጡት ነገሮች መካከል ሎብስተር የሚመስል፣ ነገር ግን የሎብስተር ትልልቅ መቆንጠጫ የሌለው አንድ እንስሳ ነበር። ምንነቱን የለየ ሰው ስላልነበረ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገባና እዚያው ተረሳ።

እ.ኤ.አ. በ1975 ዣክ ፎሬና ሚሼል ደ ሴን ሎሮ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ማንነቱን ይፋ አደረጉ። ለካ እንስሳው ግሊፊያ ከሚባሉት ወገን ነው! እነዚህ ፍጥረታት በዳይኖሰሮች ዘመን በባሕር ውስጥ በብዛት ይኖሩ ነበር። ሳይንቲስቶች የሚያውቋቸው ድንጋይ ላይ ከቀረ ቅሪታቸው ብቻ ሲሆን፣ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፍተዋል ተብሎ ይታመን ነበር። አዲሱ ዝርያ ኒዮግሊፊያ ኢኖፒናታ ተባለ። ኢኖፒናታ በላቲን «ያልተጠበቀ» ማለት ነው።

ግን አንድ ናሙና ብቻ ይዞ ምን ያህል መናገር ይቻላል? ደግነቱ የአልባትሮስ ሰዎች መረቡ የወረደበትን ቦታና ጥልቀት በጥንቃቄ መዝግበው ነበር። ፈረንሳውያኑ እ.ኤ.አ. በ1976 መዝገቡን ይዘው እዚያው አካባቢ ሄዱ፤ መረብ ጣሉ፤ እንስሳውንም አገኙት። ያ ሁሉ ጊዜ ቦታው ላይ ነበር እኮ! እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በኮራል ባሕር ሁለተኛ ዘመዱ ተገኘ። ፎሬ ለዚህኛው ያወጡት የወገን ስም ሎሮንቴግሊፊያ ሲሆን፣ የሥራ ባልደረባቸውን የሴን ሎሮን ስም የሚያስታውስ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ በ1908 የተጻፈ መዝገብ ባይኖር ኖሮ የ1976ቱ ጉዞ የት ሄዶ ይፈልግ ነበር? ናሙና ያለ መዝገብ ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ናሙናውን የሰበሰቡት ሰዎች ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል፤ ለ67 ዓመት የጎደለው አይቶ የሚለይ ባለሙያ ነበር። እንስሳትን ከአካላቸው የሚለዩ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ስናቆም፣ መደርደሪያ ላይ ያለውንም ነገር እያየን አናየውም።