ራስ-ሰር ወይስ ራስ-መር?

በስልክና በኮምፒውተር ማውጫዎች ላይ ለ«አውቶማቲክ» አቻ ሆኖ የተለመደው «ራስ-ሰር» ወደ ምሕንድስና ተሻግሮ «ራስ-ሰር ቁጥጥር» ሲባል፣ ጥምረቱ አንባቢን ሁለት ጊዜ ያሰናክላል። «ራስ ገዝ» ራሱን የሚገዛ ከሆነ «ራስ ሠር» ራሱን የሚሠራ ይሆናል፤ ማሽን ግን ራሱን አይሠራም። በንጉሡ «ሠ» መጻፍ የነበረበት ቃል በእሳቱ «ሰ» መጻፉም የእንግሊዞችን የማዕረግ ስም አስመስሎታል። ደጋፊዎቹ «ገበያ መር» ገበያ የሚመራው እንደሆነ ሁሉ ይህም «ራሱ የሚሠራ» ማለት ነው ቢሉ፣ የወንዝ ውኃ የሚያዞረው ወፍጮም ራሱ ይሠራል፤ ውኃው ሲበረታ ፍጥነቱን የሚያርምለት ነገር ከሌለ ግን ራሱን አይመራም። «ቁጥጥር» ደግሞ ከ«ቆጠረ» የወጣ በመሆኑ መዝገብና ፍተሻን እንጂ ማቅናትን አያሳስብም።

ጽንሰ ሐሳቡ ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ ውጤቱ ይለካና «ግብረ መልስ» ሆኖ ተመልሶ ሥራውን ያርማል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው፣ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1964 ሌላው በ2001 ሥራ እንደጀመሩት የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ባለ ጣቢያ፣ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሲጨምር ተርባይኑ እንዳይዘገም የውኃውን መግቢያ የሚያሰፋ፣ ሲቀንስም የሚያጠብ የፍጥነት አስተካካይ አለ። የዚህ መሣሪያ አያት ጄምስ ዋት በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ የገጠመው ሲሆን፣ የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በ1868 እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን በሒሳብ ተንትኗል።

የሒሳብ ሊቁ ኖርበርት ዊነር በ1948 ላሳተመው መጽሐፍ የሰጠው «ሳይበርኔቲክስ» የሚለው ስም የተወሰደው መርከብ መሪን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው፤ የዋት መሣሪያ የእንግሊዝኛ ስምም በላቲን በኩል ከዚያው ይወርዳል። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ነፋሱ ከመስመሩ ባወጣው ቁጥር፣ ዐይኑን ከዳርቻው ሳይነቅል የሚያደርገው ይህንኑ የማረም ሥራ ነው። አማርኛም ለዚህ ሥራ ቃል አላጣም፤ የመኪናው «መሪ» የግእዙ «መርሐ» ልጅ ነው። «ፕሮግራም» በግሪኩ አስቀድሞ የተጻፈ ማለት ሲሆን፣ ዛሬ በሠርግና በስብሰባ ወረቀት ላይ የምናገኘው አቻው «መርሐ ግብር»፣ ማለትም የሥራ መሪ፣ ከዚሁ ሥር ይበቅላል። ስለዚህ «ራስ-መር» ቢባል፣ አስቀድሞ በተጻፈው የሚመራውና ከውጤቱ በሚመለሰው ወሬ የሚመራው በአንድ ቤተሰብ ይገናኛሉ፤ ዘርፉም «የራስ-መር ምሕንድስና» ሊባል ይችላል። ጋራዥ ውስጥ «አውቶማቲክ ማርሽ» የሚለውን ግን ማንም አያስለቅቅም፤ ማስለቀቅም አያስፈልግም።