ፈንጣጣ ያለቀበት፣ ዋግ የገነነበት አገር

እስቲ ሰብሰብ በሉና አድምጡኝ። ዛሬ የማወጋችሁ የባሌን ነገር ነው። ባሌ ሁለት በሽታ አይታለች። አንዱ የሰው ነበር፤ ከኢትዮጵያ ሲጠፋ ባሌ ላይ አበቃለት። ሌላው የስንዴ ነው፤ ባሌ ላይ ገነነ። አንዱ ለምን ሞተ? ሌላውስ ለምን በረታ? ወጋችን ይኸው ነው።

ከስንዴው ልጀምር። ከሮቤ ወጣ ብላችሁ ሲናና ሜዳ ላይ ቁሙ። ዓይን እስኪታክት ስንዴ ነው። ይህ ምድር በዓመት ሁለት ጊዜ ያበቅላል። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለውን ወቅት ገና ይሉታል፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ደግሞ ቦና። በረከት ነው። ግን ስሙኝ፣ በረከቱ ለሌላም ተርፏል።

በ2002 እና በ2003 ዓ.ም ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ተነሣ። ኩብሳና ጋላማ የተባሉት፣ ገበሬው አምኖ የኖረባቸው ዝርያዎች፣ ቅጠላቸው በቢጫ መስመር ተሰነተረ። በአገሪቱ ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ ማሳ ተመታ። ዲገሉ የሚባለው ስንዴ ግን ቆመ። ቢጫ ዋጉ አልደፈረውም፤ ዓለምን ያስደነገጠውን ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግንም ይቋቋም ነበር። እንግዲህ ልጆቹን የሚያበላ ገበሬ ምን ያድርግ? የቆመውን ዘራ። ጎረቤቱም ዘራ፤ የጎረቤቱ ጎረቤትም ዘራ። ማንም አላጠፋም። በጥቂት ዓመት ውስጥ ዲገሉ በአካባቢው ከሁሉም በላይ የሚዘራ ስንዴ ሆነ።

ከዚያ ነፋስ ሌላ እንግዳ አመጣ። ባለሙያዎች ቲኬቲቲኤፍ ብለው የሰየሙት የግንድ ዋግ ዘር በ2004 ዓ.ም ክረምት ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። በኅዳር 2006 ዓ.ም ባሌ ላይ ወረደ። ማሳ ገብቶ የወጣ ሰው ሱሪው የጡብ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ዋጉ የአገዳውን ቆዳ ይተረትረዋል፤ ውኃውና ምግቡ ወደ ዛላው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ፍሬው ይጨማደዳል። ኮምባይነር ሊጠብቅ የነበረ ገበሬ፣ አንዳንዱ፣ ከማሳው የሚታጨድ ነገር አላገኘም።

ዋጉ ስለከፋ ብቻ ነው? አይደለም። ዋግ በደረቅ ገለባ ላይ አይኖርም፤ ሕይወት ያለው አረንጓዴ አገዳ ይፈልጋል። አንድ አገዳ ላይ ካረፈ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ብናኝ ለነፋስ ይሰጣል። ነፋሱ ወደ ቀጣዩ ማሳ ሲያደርሰው እዚያም የሚጠብቀው ያው ዲገሉ ነው። የገናው ስንዴ ሲያልቅ የቦናው ይበቅላል፤ ዋጉን እየተቀባበሉ ያሳድጉታል። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አንዱን የጣለ ሁሉንም ጣለ።

አሁን ወደ ሰዉ በሽታ እንመለስ። ፈንጣጣ አያቶቻችንን ፊታቸውን አጎድጉዷል፣ ዓይናቸውን አጥፍቷል። እነሱም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከታመመው ሰው ቁስል ወስደው፣ የጤነኛውን ቆዳ ጫር አድርገው ያስገቡ ነበር። የተከተበው ሰው ብዙ ጊዜ ቀለል ብሎት ይድናል። ግን የያዘው እውነተኛ ፈንጣጣ ነው፤ ላልተከተበው ጎረቤት ይተላለፋል። ራስን ማዳን ብቻውን ሰንሰለት አይበጥስም።

ኢትዮጵያ ፈንጣጣን ለማጥፋት ዘመቻ የጀመረችው በጥር 1963 ዓ.ም ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። የእኛው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ነበር፤ ከመቶ ሕሙማን የሚሞቱት አንድ ወይም ሁለት ገደማ ናቸው። ቀላል መሆኑ ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። የማይጥለው በሽተኛ ገበያ ይወጣል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ግመል ይነዳል። በሽታውም አብሮት ይሄዳል። ወገኖቼ፣ ብዙ የሚገድል በሽታ ሁልጊዜ ብዙ የሚኖር አይደለም።

ክትባት ሰጪዎቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ መንገድ ባልደረሰበትም በሄሊኮፕተር ሄዱ። ብልሃታቸው አንድ ነበር። የታመመ ሰው ፈልግ፤ ስታገኘው በዙሪያው ያለውን ሁሉ ክተብ። በሽታው ከታማሚው ተነሥቶ ግራ ቢል የተከተበ፣ ቀኝ ቢል የተከተበ ያገኛል። መሄጃ ያጣል። ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም፣ ያኔ ባሌ ክፍለ ሀገር በነበረው በኤል ከሬ አውራጃ፣ ዲሞ በምትባል መንደር አንዲት ሕፃን ታመመች። የኢትዮጵያ የመጨረሻዋ የፈንጣጣ ታማሚ እሷ ሆነች። በጥቅምት 1970 ዓ.ም ሶማሊያ ውስጥ መርካ ላይ አሊ ማው ማሊን የተባለ ሰው ታመመ፤ እሱም በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘ የዓለም የመጨረሻው ሰው ሆነ። በ1972 ዓ.ም ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ ታወጀ።

ሁለቱን አስተያዩልኝ። ፈንጣጣን የገደለው የሕሙማኑ ጥንካሬ አይደለም፤ በዙሪያቸው የቆሙት ጎረቤቶች ናቸው። ዲገሉን የጣለውም የአንድ ማሳ ድካም አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ያው አንድ ስንዴ መሆኑ ነው። የሚሞተውንና የሚተርፈውን የሚለየው በሽታው ብቻ ሳይሆን ጉርብትናው ነው።

ሆኖም አልሸነግላችሁም፤ ልዩነትም አለ። ፈንጣጣ ዕድሜ ልኩን ያንኑ ክትባት ማለፍ ሳይችል ኖረ። ዋግ ግን ይለዋወጣል። ከዲገሉ በፊት እንኮይ የሚባል የስንዴ ዝርያ ነበር፤ እሱም በ1986 ዓ.ም በግንድ ዋግ ወደቀ። ስለዚህ የስንዴው ሥራ በአዋጅ አያልቅም። ከ1978 ዓ.ም ጀምሮ እዚያው ባሌ ያለው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል አዲስ ዝርያ ሲያወጣ፣ ጊዜ እየገዛ ነው። ጊዜውን የሚያረዝመው ገበሬው ነው፤ ማሳውን በየጊዜው እየዞረ ሲያይ፣ ዋጉ ገና ሲጀምር ፀረ ፈንገስ ሲረጭ፣ ስንዴን በባቄላና በአተር ሲያፈራርቅ።

እና የቦና ዘር ሲደርስ፣ ጆንያው ተከፍቶ ዘሩ እፍኝ ሲገባ፣ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «የትኛው ብዙ ያፈራል?» ብሎ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን አንድ ልጨምርባችሁ። ከመዝራታችሁ በፊት አጥር ተሻግራችሁ ጠይቁ፤ «ጎረቤቴ፣ አንተስ ዘንድሮ ምን ልትዘራ ነው?» በሉ።