ቅናት ሲቆላመጥ

አዳማ ውስጥ አንዲት ሴት «ባሌ መታኝ» ብትል ጎረቤቱ ወዲያው ይገባዋል። «ስልኬን ይበረብራል፤ እናቴን ልጠይቅ ስል ፊቱ ይለወጣል» ብትል ግን ብዙ ጊዜ የምትሰማው «ስለሚወድሽ እኮ ነው፣ ይቀናል» የሚል ነው።

«ቀና» የመጣው ከግእዙ ቀንአ ነው። ቀንአ ተመቀኘ፣ ጠረጠረ ማለት ነው፤ ስለ እምነቱ ተቆረቆረ ማለትም ነው። የዕብራይስጥ ዘመዱ ቂንአም ሁለቱን ትርጉም ይዟል። ዛሬም «ለሃይማኖቱ ቀናኢ» የተባለ ሰው ተመሰገነ እንጂ አልተነቀፈም። ሚስቱን የሚሰልል ባል የሚከለለው በዚህ የምስጋና ጥላ ሥር ነው። ጥቃትን እንዲህ አስውቦ የሚያሳልፍ ሌላ የአማርኛ ቃል አላውቅም።

የዘለፋ መንገድ የተገላቢጦሽ ነው። በግእዝ «ዘለፈ» ገሠጸ ማለት ነበር፤ በአማርኛ ወርዶ ስድብ ሆነ። ተሳዳቢው ግን አሁንም «ልመክራት ብዬ ነው» ይላል።

ጨቀጨቀና ነዘነዘ ደግሞ ድምፃቸውን ይደግማሉ። እንዲህ ዓይነት ግሥ በአማርኛ ተደጋግሞ ለሚሠራ ነገር ይስማማል። ለብቻው ሲታይ ቀላል የሚመስለው ቃል ሰውን የሚያደቀው በመደጋገሙ ነውና አባቶቻችንና እናቶቻችን ነገሩን በግሡ ቅርጽ ሳይቀር ይዘውታል።

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ግቢ ይነገራሉ። በኦሮምኛ ምላስ «አረባ» ነው፤ ስድብም ከእሱ ወጥቶ «አረብሶ» ተባለ። ስድብን የሚጠይቅ ሥርዓትም አለ፤ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሙሽራ በሠርጓ ቀን ሲንቄ የሚባለውን በትር ትቀበላለች። ክብሯ ሲደፈር ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ ዕርቅ እስኪወርድም ወደ ቤት አይመለሱም። በተለይ አራስ ሳለች በዱላ ብቻ ሳይሆን በምላስም የነካት ሰው ይጠየቃል።

መንግሥት ግን ጥቃትን የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 24 በመቶው የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው መዝግቧል። የተጠየቁት ባላቸው በሰው ፊት አዋርዷቸው፣ ዝቶባቸው ወይም ሰድቧቸው እንደሆነ ነበር። መቅናቱ፣ ከዘመድ ማራቁና የት እንዳለች ሁልጊዜ ካላወቅሁ ማለቱ የተጠየቁት «የባል ቁጥጥር» በሚል ለብቻው ነው፤ በ24ቱ ውስጥ አልተቆጠሩም።